ሦስት ቀን ያልተተኛበት አልጋ

ንገሪን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው፤ በተለይ የልጅ ልጄ ሜሮን። ኮተቤ አካባቢ አስተማሪ ነበረች፣ አሁን ምክትል ዳይሬክተር አድርገዋታል። ሹመቱን የሰማች ዕለት መጥታ አልጋዬ ላይ ተዘረረችና «እማዬ፣ አንቺ እኮ ስንት ዳይሬክተር አይተሻል። እስቲ ንገሪኝ፣ የትኛው ዓይነት ነው የሚበረክተው?» አለችኝ።

«እኔ አንሶላቸውን ነው ያየሁት» አልኳት።

«እሱንም ቢሆን ንገሪኝ» አለች። የሥራ ባልደረቦቿም እንደዚያው ይነዘንዙኛል። እንግዲህ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ መልሳ ታነብልኛለች፣ ያልወደድኩትን አስፍቃለሁ። ተማሪ ሆኜ የትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ወንበሩን ግን አሥራ አንድ ዓመት ወልውዬዋለሁ።

ያ ሲግናል አካባቢ የነበረው ትምህርት ቤት ነው። ጽዳት ነበርኩ፤ ደወል ደዋዩ ሲቀር ደወሉም የኔ ነው። ሦስት ዳይሬክተሮች ተፈራርቀውብኛል። የመጀመሪያው ቁልፍ ከእጁ የማይለየው ሰው ነበር፤ ሲመጣ ቁልፉ ቀድሞት ይንቃጨላል፣ አስተማሪው ሁሉ ያኔ ወደ ክፍሉ ይሮጣል። ሁለተኛው ደግ ነበር። ግን ለመጣው ሁሉ «እሺ» ስለሚል ዓመት ሳይሞላው እሺታውን የሚያምን ጠፋ። ሦስተኛዋ ሴት ነበረች። በጠዋት መጥታ ከእኔ ጋር ግቢውን ትዞራለች፤ የትኛው መስኮት እንደተሰበረ፣ የትኛው ልጅ አጥር ሥር ተቀምጦ እንደሚያለቅስ የምትጠይቀው እኔን ነው። እሷን በሰባት ወሯ አነሷት። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረንም። ዕቃዋን በካርቶን አድርጌ እስከ ታክሲ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ካርቶኑ ቀላል ነበር፤ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ሹራብ፣ የልጆች ሥዕል። ዳይሬክተርነት የሚያስፈራ ሥራ መሆኑ የዚያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ ላምበረት፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለ ፔንሲዮን ገባሁ። ስለዚያ ቤት ብዙ ባልናገር ይሻላል፤ ሜሮንም ትጽፈዋለች፣ ኋላ ታፍርብኛለች። አንድ ነገር ግን አስተምሮኛል። ባለቤቱ ያልተተኛበትን አንሶላ ማሳጠብ አይወድም፤ ሳሙናው ያንገበግበዋል። ስለዚህ አልጋውን አይቼ «ተተኝቶበታል» ወይም «አልተተኛበትም» ማለት ነበረብኝ። ቀላል ይመስላል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያደረ ሰው አለ፤ ፍራሹ መሃሉ ሳይሆን ጫፉ ይሰምጣል። ልብሱን ሳያወልቅ ከላይ ጋደም ያለ አለ፤ ብርድ ልብሱ ይጨማደዳል፣ አንሶላው ግን አይነካም። ተኝቶ የተነሳ ሰው ትራስ መሃሉ ጎድጓዳ ነው፤ የታቀፈ ትራስ ደግሞ ጎኑ ይሰበራል። ያን ጊዜ ነው የራሴን አስተጣጠፍ ያወጣሁት። በግርጌ በኩል አንሶላውን መጀመሪያ ከግራ፣ ቀጥሎ ከቀኝ፣ ከዚያ ወደ ፍራሹ ሥር። እግሩን የዘረጋ ሰው ሳያፈርሰው አያድርም። ባለቤቱ ሊያታልለኝ ሞክሮ አልቻለም።

እንጦጦ የወጣሁት በሰው በሰው ነው። ከማርያም ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ መሃል አንድ ቤት አለ። ብዙ ዓመት የሠሩ ዳይሬክተሮች ለአሥር ቀን ይመጡበታል። ወረቀቱ ላይ የአመራር ሥልጠና ይላል። ቤቱን የሚመሩት እትዬ ሠናይት ግን እንዲህ ነበር የሚሉት፦ «ማስተዳደርማ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የመጡት ደክሟቸው ነው፤ መድከማቸውን ግን ማንም እንዲያይባቸው አይፈልጉም።» እሳቸው ራሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ትምህርት ቤት ሲመሩ ኖረው በጡረታ የወጡ ናቸው። ደመወዙ ከላምበረቱ እምብዛም አይሻልም፣ ምሳ ግን ነበረበት።

እትዬ ሠናይት ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ነበሩ። የሰው ክፍል ካንኳኩ በኋላ «ይግቡ» እስኪባሉ እጃቸው እጀታው ላይ አያርፍም። በየበሩ ላይ የእንግዳው ስም በካርድ ይለጠፋል፤ ስም ብቻ፣ ዳይሬክተር የሚል ነገር የለበትም። ካርዱን የምለጥፈው እኔ ስለሆንኩ አንዱን ከሌላው እንዳላቀያይር ብለው ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ በሰዎቹ ስም። ዛሬም አንድ ፊደል ሳይ የሆነ ሰው ፊት ይመጣብኛል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ጥያቄ አጠያየቃቸው ነበር። አንድ ሰው ይጠይቁና ዝም ይላሉ። ነጠላቸው ሥር በአውራ ጣታቸው ሌሎቹን ጣቶች አንድ በአንድ ይነካሉ። አሥር ሲሞላ መልስ ከሌለ እንደገና ከአንድ። ዳይሬክተር ደግሞ ዝምታ አይችልም፤ ሲያስተምርም ሲቆጣም የኖረው በአፉ ነው። በሁለተኛው አሥር ላይ እውነቱን የማይናገር ጥቂት ነው።

አራተኛው ቀን ላይ ዳገት ይወጣሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው፣ እስከ ማርያም ደጅ። ሲወጡ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል ብቻ። ሲወርዱ ይቀያየራሉ። «ለምን ሽቅብ ያናግሯቸዋል?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ንግግር ማድረግ አይችሉም፤ አስፈላጊውን ብቻ ይላሉ» አሉኝ።

ለእኔ አንድ ሕግ ነበራቸው። «ብርቄ፣ ክፍል ውስጥ ያየሽው ክፍል ውስጥ ይቅር። ደብዳቤ ብታዪ፣ መድኃኒት ብታዪ፣ አላየሽም። አንድ ነገር ብቻ ትነግሪኛለሽ። አልጋው ያልተተኛበት ከሆነ፣ ከቁርስ በፊት ንገሪኝ።» በየጠዋቱ ኩሽና በር ላይ ቆመው ይጠይቁኛል፦ «አልጋዎቹ እንዴት አደሩ?» እኔም የሆነውን እነግራለሁ። በዚህ ሰበብ አንዱን ሐኪም አይቶታል፣ አንዷ ልጇ ታሞባት ኖሮ በጊዜ ወደ ቤቷ ሄዳለች።

አሁን ወደ አቶ ደረጀ ልምጣ። እዚህ ላይ ሜሮን ስልኩን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ፤ ታውቀዋለች።

አቶ ደረጀ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ዳይሬክተር ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ። ሰኞ መጡ። ማክሰኞ ጠዋት ሰዎቹ ግቢ ወጥተው ሲንጠራሩ ክፍላቸው ገባሁ፤ አልጋው ተነጥፏል። ራሳቸው የሚያነጥፉ ዳይሬክተሮች አሉ፤ ጠዋት ሰልፍ የለመዱ ናቸው። ግርጌውን ገለጥ ሳደርግ ግን የኔው አስተጣጠፍ፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ እንዳለ ነው። ብርዱ ከብዷቸው ከላይ ጋደም ብለው ይሆናል አልኩና አለፍኩት።

ረቡዕ ስገባ እሳቸው እዚያው ናቸው። መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ፣ ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጥለው። ዓይናቸው በርበሬ መስሏል።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ ግን አልተኙም።»

«ማን ነገረዎት?»

«አልጋው።»

ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «አስተማሪዎቼ ይነሳልን ብለው ፈርመውብኛል። አለቆቼ ወረቀቱን ያሳዩኝ ስሙን ሸፍነው ነው። እኔ ግን ፊርማቸውን አውቀዋለሁ፣ እማማ። የተቀጠሩ ዕለት ፊት ለፊቴ ነው የፈረሙት። ዓይኔን ስጨፍን አንድ በአንድ ይመጡብኛል።»

«ሐኪም ቢያይዎትስ?»

«እንቅልፍ አጣ ከተባለ ታሟል ይባላል። ታሟል ከተባለ ይረፍ ነው የሚሉት። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ የቀረኝ ያ ግቢ ብቻ ነው። የላኩኝ ሰዎች ከዚህ ስመለስ ነው የሚወስኑልኝ።» ተነስተው እጄን ያዙኝ። «በእናትዎ፣ ለማንም አይንገሩብኝ።»

እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው እጄን ይዞ ሲለምነኝ ምን ልበል? ስንት አስተማሪ የሚፈራው ሰው ነው። እሺ አልኩ። ወጥቼ ኩሽና በር ላይ እትዬ ሠናይትን አገኘኋቸው።

«ብርቄ፣ አልጋዎቹ እንዴት አደሩ?»

«ደህና» አልኩ።

ትንሽ አዩኝ። «ደህና» ብለው ሄዱ።

ሐሙስ ጠዋትም አልጋው እንደዚያው። ይኸኔ ትራሱን በቡጢ መታ መታ አድርገው ጎድጉደውታል፣ ለእኔ ብለው። ቡጢና ጭንቅላት የሚተዉት ምልክት ለየቅል መሆኑን እኔ እንደማውቅ አላወቁም። ዛሬስ ልናገር ብዬ እስከ ኩሽናው ሄጃለሁ። «ደህና» ነው ያልኩት።

ከቁርስ በኋላ ዳገቱን ወጡ። እኔ የውሃውን ጀሪካን ይዤ ከኋላ ነኝ። አቶ ደረጀ የደረሳቸው ከወይዘሮ ዘይነባ ጋር ነው። ወይዘሮ ዘይነባ ከደቡብ የመጡ፣ ሳቃቸው ጫካውን የሚያናጋ ዳይሬክተር ናቸው። «አቶ ደረጀ፣ እኔ ልናገር እርስዎ ዝም ብለው ሊሰሙ? ባሌ በሃያ ዓመት ያላደረገልኝን ሊያደርጉልኝ ነው!» አሉ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ እየተናገሩ ወጡ። መሃል ላይ ሳቃቸው ቀርቶ ማልቀስ ጀመሩ። አቶ ደረጀ አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ።

የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሊታይ ሲል መታጠፊያ አለ፤ ድንጋዩ የሚያንሸራትት። እዚያ ላይ አቶ ደረጀ ቆሙ። የሆነ ነገር ለመያዝ እጃቸውን ዘረጉ፤ የሚያዝ ነገር አልነበረም። ወደ ታች ሄዱ። ሳይጮሁ ነው የወደቁት፤ እንቅልፉ እዚያ ላይ ያገኛቸው ነው የሚመስለው። ጀሪካኑን ጥዬ ስደርስ አንድ እግራቸው እግር ሊዞር በማይችልበት በኩል ዞሯል። ወንዶቹ በጋቢ አድርገው እስከ መኪናው ተሸከሟቸው። ወይዘሮ ዘይነባ የአቶ ደረጀን አንድ ጫማ ይዘው እየሮጡ ይከተሉ ነበር።

ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ወራት ተኙ። ትምህርት ቤቱ ያለ ሰው አይቀመጥምና ሌላ ዳይሬክተር ተሾመ። ሲያገግሙ መዝገብ ቤት ጠረጴዛ ሰጧቸው። ያንን ግቢ እንዳያጡ ብዬ ዝም አልኩ፤ ያጡት በዚሁ በእኔ ዝምታ ነው ብዬ አመንኩ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሆስፒታል አልጠየቅኳቸውም። በእኛ አገር የታመመ አለመጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ይታወቃል። ብርቱካን ገዝቼ በዘበኛው ላክሁ። እኔ ግን ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።

በወደቁ ማግስት፣ ዓርብ፣ እትዬ ሠናይትን ልብስ ማጠቢያው ጋ ጠበቅኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ሦስቱን ቀን፣ ልመናውን፣ ትራሱን። አልተቆጡም። ነጠላቸው ሥር ጣታቸው ሲሄድ አየሁ። አሥር ሞላ፣ እንደገና ጀመሩ። ያን ቀን እስከ ስንት እንደቆጠሩ እንጃ፤ የሚንጠባጠበው አንሶላ ሁሉ ጸጥ እስኪል ቆሙ። በመጨረሻ «ይህንን ለሰዎቹ ትነግሪያቸዋለሽ?» አሉኝ።

«እኔ? ያልተማርኩት ለዳይሬክተሮች?»

«የተማሩት እየነገሩኝ አይደለም።»

እውነታቸውን ነው። በመጨረሻው ቀን እያንዳንዱ የተሳሳተበትን አንድ ነገር ለሌሎቹ ይናገራል፤ የቤቱ ልማድ ነው። ሻይ ሳቀርብ እሰማቸው ነበር። አንዱ «ስህተቴ ሥራ አብዝቼ ቤተሰቤን መርሳቴ ነው» ይላል፤ ሌላው «ሰው ከልክ በላይ ማመኔ» ይላል። ራሳቸውን እያሞገሱ ነው እኮ።

በመጨረሻው ቀን፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ፣ መሃላቸው ቆምኩ። «እኔ አልጋ አንጣፊ ነኝ» አልኩ። «አቶ ደረጀ ሦስት ቀን እንዳልተኙ አውቄ ነበር። ዝም ያልኩት ለእሳቸው አዝኜ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሌላም ነገር አለው። ትልቅ ሰው ሚስጥሩን ሲያካፍለኝ ደስ ብሎኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዳይሬክተር እኔን ፈልጎኝ ነበር።» ከዚህ በላይ አልቻልኩም፤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወይዘሮ ዘይነባ ናቸው የተነሱት። «እኔም አይቻለሁ» አሉ። «ግማሽ መንገድ ላይ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። እንረፍ ልላቸው ነበር። ግን ስንት ዓመት ሰሚ ያጣሁትን እየተናገርኩ ነበር። ማቋረጥ አልፈለግኩም። ትምህርት ቤቴም ውስጥ የማደርገው ይህንኑ ነው። እናገራለሁ፣ ሰው ሲወድቅ አላይም።» ከእሳቸው ቀጥሎ አንድ ሸበቶ ሰውዬ፣ ፈተና ቀን በር ስለዘጋበት ልጅ ተናገረ። እስኪመሽ አላበቃም። ሻዩን ያሞቅኩት ሦስት ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። እትዬ ሠናይት እያንዳንዱ ቡድን በመጣ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን ይህንን እንድነግራቸው አደረጉ። ስንት ቡድን እንደሆነ አልቆጠርኩም። ሲመለሱ ትምህርት ቤታቸውን በሌላ ዓይን ያዩ አሉ፤ ዘበኛውን በስሙ መጥራት የጀመረ አለ፤ አንዷ ደውላ «እማማ፣ ምክትሌ ጋ ሄጄ አጥፍቻለሁ አልኩት፣ ሰውዬው ደንግጦ ወንበሩን ገለበጠው» ብላ አስቃኛለች። እኔ ግን እያደር አንድ ነገር ፈራሁ። ታሪኩ ከአፌ እየተስተካከለ ሄደ። የት ላይ ዝም እንደምል፣ የት ላይ ድምፄን ዝቅ እንደማደርግ አወቅኩ። አንድ ቀን ጥሩ አድርጌ እንደተናገርኩ ተሰማኝና አፈርኩ። የሰው ዳሌ ነው የተሰበረው። ለእትዬ ሠናይት «ይብቃኝ» ብዬ ነገርኳቸው። «ጥቂት ዓመት ጨምሪ» አሉኝ። ስናገር እሳቸው ሁልጊዜ ከኋላ ቆመው ነበር የሚሰሙት።

እትዬ ሠናይት ታመው ሲተኙ አንሶላቸውን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ልጆቻቸው ነርስ ቀጥረው ነበር፤ «አልጋዬን ብርቄ ታንጥፈው» ብለው እምቢ አሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ትራሱን ሳስተካክል «አሁንም የአቶ ደረጀን ትነግሪያቸዋለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እነግራቸዋለሁ።»

የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ጠበቅኳቸው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሕመሙ ነው ብዬ መድኃኒታቸውን አቀረብኩ። በዚያው ሳምንት አረፉ። እኔም ጉልበቴ ዳገቱን እምቢ ሲለኝ ከሥራ ወጣሁ። የመጨረሻው ቡድን የፈረመበት ነጠላ ሰጡኝ፤ አልለብሰውም፣ ሳጥን ውስጥ ነው።

አምና ለጉልበቴ ሲግናል ጤና ጣቢያ ሄጄ አግዳሚው ላይ ተራ ስጠብቅ፣ ከዘራ የያዙ ረጅም ሰው አጠገቤ ተቀመጡ። ጫማቸው ያብረቀርቃል። ያየሁት ጫማውን ነው፤ ከዚያ ቀና ብዬ ፊታቸውን። ጉልበቴ ማመሙን ረስቼ መሬት ላይ ልንበረከክ ስል በክንዴ ያዙኝ።

«ኧረ እማማ ብርቄ! ምነው?»

«አቶ ደረጀ፣ ይቅር ይበሉኝ። አልተኙም ብዬ ለእትዬ ሠናይት ብነግር ኖሮ ዳገቱን አይወጡም ነበር። ይኸው ስንት ዓመት ይዤው እኖራለሁ።»

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ተራ ጠሪዋ የሆነ ስም ጠራች፤ የማንኛችንም አልነበረም።

«እሳቸው እኮ ያውቁ ነበር» አሉ። «ሰኞ ዕለት፣ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ነግሬያቸዋለሁ። ሁለት ሳምንት እንዳልተኛሁ፣ ዳገቱን እንዳልችል። እንደ እርስዎ እሳቸውንም ለማንም እንዳይነግሩ ለመንኳቸው፣ እንደ እርስዎ እሺ አሉኝ። ሐሙስ ጠዋት በር ላይ ‹ልቅር› ብላቸው ‹ብቻዎን ከቀሩ ሌሎቹ ይጠረጥራሉ፤ ቀስ ብለው ይውጡ› አሉኝ። ሆስፒታል ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ‹ማወቄን ለብርቄ እነግራታለሁ› ይሉኝ ነበር። እኔማ ነግረዎት መስሎኝ ነው የኖርኩት።»